ለሌባ የተገጠመ አላርም እሳትንም ሲጠብቅ



ሙያዬ የቤት አላርም መግጠም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የብዙ ወገኖቻችንን በርና ጣሪያ መሰላል ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሰው የሚደውልልኝ ስለ ሌባ ነው። የጎረቤቱ ቤት ተሰብሯል፣ ዕቃ ከደጃፉ ተወስዶበታል፣ ወይም ቤቱን ዘግቶ ጥቂት ወራት አገር ቤት ሊቆይ አስቧል። ስለ በር ሴንሰር፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ ወርኃዊ ክፍያ በሰፊው እንነጋገራለን። እሳትን የሚያነሳልኝ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ ለሌባ በገዛችሁት የአላርም መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ፓኔል በምንለው ላይ፣ የጭስ ጠቋሚም ማገናኘት ይቻላል፤ ሲገናኝ ግን እሳቱ የሌባው ተቀጥላ ሆኖ መግባት የለበትም። በሽቦውም፣ በድምፁም፣ በጥሪውም ቅድሚያው የእሳት ነው።

ሁለቱ ጥበቃዎች የተወለዱት በአንድ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ዊልያም ቻኒንግና ሞሰስ ፋርመር በቦስተን ከተማ፣ መንገድ ዳር ከቆመ ሣጥን የእሳት ጥሪ በቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ማዕከል የሚደርስበትን ሥርዓት ሥራ አስጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1853፣ ከቦስተን አጠገብ ባለችው በሰመርቪል አውጉስተስ ፖፕ በርና መስኮት ሲከፈት ደወል ለሚመታ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ያንን መብት ኤድዊን ሆልምስ ገዝቶ ትልቅ ንግድ አደረገው። ተራ ሰው መኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚሰቅለው የጭስ ጠቋሚ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘገየ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኮሎራዶ ውስጥ ዱዌን ፒርሶል ባልደረባው ከነበረው ከስታንሊ ፒተርሰን ጋር በባትሪ የሚሠራውን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ በየቤቱ የገባው። ባትሪ ስለሆነ ሽቦ መዘርጋት አልጠየቀም፣ ዋጋውም ረከሰ። ድክመቱም የመጣው ከዚያው ከባትሪው ነው። በጮኸ ቁጥር የተሰላቸ ሰው ባትሪውን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ባጠናቀረው መረጃ፣ በመኖሪያ ቤት እሳት ከሚሞቱ 5 ሰዎች 3ቱ ገደማ የሚሞቱት የጭስ ጠቋሚ በሌለበት ወይም ኖሮ በማይሠራበት ቤት ነው። ሳይሠራ የቀረበት ዋነኛው ምክንያትም ባትሪው መነቀሉ ወይም ማለቁ ነው። ሜሪላንድ በባትሪ ብቻ የሚሠሩት ጠቋሚዎች ባትሪያቸው የታሸገና 10 ዓመት የሚቆይ እንዲሆን በሕግ ያዘዘችው ለዚህ ነው፤ ሕጉ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ለማምለጥ ያለን ጊዜም አጭር ነው። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ሲቀጣጠል ይፈጥናል፣ ጭሱም ይመርዛል። ዩ.ኤል. የተባለው የደህንነት ፈታሽ ድርጅት የእሳት ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ቀድሞ ከሚቃጠል ቤት ለመውጣት 17 ደቂቃ ያህል ይገኝ ነበር፤ ዛሬ 3 ደቂቃና ከዚያ በታች ነው። «ሽታው ይቀሰቅሰኛል» ብላችሁ የምትተማመኑ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። የተኛ ሰው አፍንጫ አይጠብቀውም።

ሌባ ከውጭ ይመጣል፤ ባዶ ቤትም ይመርጣል። ስለዚህ የሌባ አላርም ስንወጣ ይበራል፣ ስንገባ ይጠፋል። እሳት ከውስጥ ይነሣል፤ ይበልጥ የሚገድለውም ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። የጭስ ጠቋሚው የሚገባበት ዞን፣ ማለትም በፓኔሉ ላይ የሚመደብለት መስመር፣ ለእሳት ተብሎ የተለየ፣ አላርሙ ቢበራም ቢጠፋም 24 ሰዓት የሚነቃ መሆን አለበት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን የጭስ ጠቋሚው ባዶ በነበረ ተራ የመስኮት ዞን ላይ የተሰካበት ቤት ገጥሞኛል። ቤተሰቡ ውስጥ ሲሆን አላርሙን ያጠፋል፤ አላርሙ ሲጠፋ ጠቋሚውም አብሮ ይደነቁራል። አባትና እናት፣ ሦስት ልጆች፣ ሁሉም ተኝተው ሳለ ጠባቂ አልነበራቸውም፤ የጭስ ጠቋሚው ቤቱን የሚጠብቀው ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ጣሪያዬ ላይ የሚጮህ አለኝ፣ ለምን ከፓኔሉ ጋር አገናኛለሁ?» የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። መልሴ ከየቤታችን ኑሮ ይነሣል። በስንቶቻችን ቤት ነው ከአገር ቤት የመጡ እናት የልጅ ልጅ የሚጠብቁት? ባል ታክሲ ላይ ነው፤ ሚስት ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ገብታለች፤ እማማ ከሁለት ሕፃናት ጋር ላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ብቻውን የሚጮህ ጠቋሚ «ውጡ» ይላቸዋል፤ ጥሩ። ከዚያ በኋላ ግን አንዱን ሕፃን አቅፈው፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው፣ በማያውቁት ቋንቋ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም መናገር የእሳቸው ዕዳ ይሆናል። 911 በስልክ አስተርጓሚ ያስገባል፤ «አማሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል አስጠኗቸው፣ አድራሻውንም በትልቁ ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ። ከፓኔል ጋር የተገናኘ ጠቋሚ ግን ይህን ሸክም ከትከሻቸው ያወርዳል። ጭሱን ባየበት ቅጽበት አድራሻው ወደ ክትትል ማዕከሉ ይደርሳል፣ ማዕከሉ እሳት አደጋን ይጠራል፣ እሳቸው የሚቀራቸው መውጣት ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያለችውም ልጃቸው ስልኳ ላይ ታየዋለች። ለእኔ የማገናኘት ዋናው ጥቅም ይህ ነው። ማንም በሌለበት ቤት እሳት ሲነሣ የሚጠራ መኖሩ ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፓኔል፣ አንድ ኪፓድ፣ አንድ የበር ሴንሰርና ሁለት የጭስ ጠቋሚ ጣውላ ላይ አስሬ አምጥቻለሁ። የኋላ ረድፍ ያላችሁ ብትቀርቡ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የበር ሴንሰሩን ተመልከቱ። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል። በሩ ሲከፈት ይቋረጣል፤ ፓኔሉ መቋረጥን «ሌባ» ብሎ ያነበዋል። ሌባው ሽቦውን ቢቆርጠውም ያው ይጮሃል። የጭስ ጠቋሚው ግን በተቃራኒው ነው። ጭስ ሲያይ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል፤ ፓኔሉም መገናኘትን «እሳት» ብሎ ያነበዋል። ሽቦው ቢቋረጥ ደግሞ «ብልሽት» ይላል፤ ሳይረኑ አይጮህም፣ እሳት አደጋም አይጠራም፣ ኪፓዱ ግን እስክታስጠግኑት ድረስ ይነዘንዛችኋል። አይጥ ሽቦ በበላች ቁጥር መኪና እንዳይጠራ፣ ሽቦውም በዝምታ እንዳይሞት የታሰበ ነው።

ፓኔሉ መቋረጡን የሚያውቀው በዚህች በትንሿ ሬዚስተር ነው። በመስመሩ መጨረሻ፣ በመጨረሻው ጠቋሚ ውስጥ ትታሰራለች። በሃኒዌል ቪስታ ፓኔሎች 2,000 ኦም፣ በዲ.ኤስ.ሲ. ፓኔሎች 5,600 ኦም ናት። ፓኔሉ በእሷ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲዞር እያየ መስመሩ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል። መጨረሻ ላይ ያልኩት በአጽንዖት ነው። የቸኮለ ገጣሚ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ብሎ እዚሁ ፓኔሉ ሣጥን ውስጥ ያስራታል። ያኔ ፓኔሉ የሚጠብቀው የገዛ ሣጥኑን ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ሁሉ ቢቆረጥ «ደህና ነው» እያለ ይቀጥላል። የሠራላችሁን ሰው «ሬዚስተሯን የት አሰርካት?» ብላችሁ ጠይቁት። መብታችሁ ነው።

ብዙዎቹ ከሌባ አላርም ጋር የሚገናኙ ጠቋሚዎች አራት ሽቦ አላቸው፤ ሁለቱ 12 ቮልት ይዘው ለመሣሪያው ኃይል ይሰጣሉ፣ ሁለቱ መልእክት ያደርሳሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የኃይል ሽቦው ብቻ ቢበጠስ ጠቋሚው ይሞታል፤ የመልእክቱ መስመር ግን ሙሉ ስለሆነ ፓኔሉ ምንም አያውቅም። ስለዚህ በኃይል መስመሩ መጨረሻ ላይ ሪሌይ ይታሰራል። ኃይል እስካለ ድረስ የመልእክቱን መስመር ይዞ ይቆያል፤ ኃይል ሲጠፋ ይለቀዋል፣ መስመሩም ይቋረጣል። ይኸውና ከመጀመሪያው ጠቋሚ ላይ ቀዩን ሽቦ ልንቀለው። ሰማችሁ? «ጢጥ» ያለው ሪሌዩ ነው። ኪፓዱ ብልሽት አለ፤ ሳይረኑ ዝም ብሏል። ይህች ዕቃ ርካሽ ናት፤ ብዙ ቤት ግን የለችም፤ አለመኖሯም ሽቦ እስኪበጠስ ድረስ አይታወቅም።

ሽቦው ራሱ ከጠቋሚ ወደ ጠቋሚ መሄድ አለበት፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ይሰካል። መሐል ላይ ቅርንጫፍ ካወጣችሁ ቅርንጫፉ አይጠበቅም። ለእሳት ተብሎ የሚሸጠውን ሽቦ ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ልባሱ ቀይ ነው። ኃይሉም የሚወሰደው ፓኔሉ ሊያቋርጠው ከሚችለው መውጫ ነው፤ አንዴ ጭስ ያየ ጠቋሚ ኃይሉ ለጥቂት ሰከንድ ተቋርጦ እስኪመለስለት ድረስ እሳት አለ እንዳለ ይቀራልና።

ስለ ፓኔሉ ባትሪም አንድ ስሌት ልስጣችሁ። የእሳት ሕጉ በቤት ውስጥ የሚጠይቀው መብራት ጠፍቶ 24 ሰዓት እንዲቆይ፣ ከዚያም በኋላ ለ4 ደቂቃ የሚጮህበት አቅም እንዲተርፈው ነው። ኪፓዱ፣ ሴንሰሩ፣ ሪሌዩ፣ ጠቋሚው ሁሉ ተደምሮ 150 ሚሊ አምፔር ቢስብ፣ በ24 ሰዓት 3.6 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከፓኔሉ ጋር የመጣው ባትሪ ባለ 4 ከሆነ አዲስ ሳለ በጭንቅ ይደርሳል፤ ሁለት ዓመት ካረጀ በኋላ ላይደርስ ይችላል። ፓኔሉ የሚችለው ከሆነ ባለ 7 አድርጉት።

ሽቦ መዘርጋት ለማይመቸው ቤት ሽቦ አልባ ጠቋሚ አለ። ከፓኔላችሁ ጋር በአንድ ሞገድ የሚነጋገር መሆን አለበት እንጂ ሌላው ቀላል ነው፤ ባትሪው ሲደክም ራሱ ለፓኔሉ ይነግረዋል።

በዚህ አገር አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ግንበኛው የገጠማቸው፣ በ120 ቮልት የሚሠሩ፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም የሚጮሁ ጠቋሚዎች አሉ። እነዚህን ነቅላችሁ በፓኔሉ ጠቋሚ አትተኳቸው። በሽቦ ከፓኔል ጋር የሚገናኙት ብዙዎቹ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ የሚጮኸው የፓኔሉ ሳይረን ብቻ ነው፤ ሳይረኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። የግንበኛውን ጠቋሚዎች ከፓኔሉ ጋር ማገናኘት ሲፈለግ፣ የጠቋሚው ፋብሪካ ራሱ የሚሠራው ሪሌይ አለ። እሱ ከ120 ቮልቱ መስመር ላይ ይታሰርና ለፓኔሉ ከኤሌክትሪኩ የተለየ ንጹሕ ምልክት ያቀብለዋል። የአንዱ ፋብሪካ ሪሌይ ለሌላው አይሆንም። 120 ቮልት የሚነካውን ሥራ ደግሞ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ተዉት። የዚህ መንገድ ጉድለት፣ ፓኔሉ ጠቋሚዎቹ መጮኻቸውን እንጂ መሞታቸውን አለማወቁ ነው። ስለዚህ በእጅ መሞከሩ አይቀርም፤ 10 ዓመት የሞላቸውንም መቀየር ነው። የተሠሩበት ቀን ጀርባቸው ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ቡናችን። ብዙ ቤት ገብቼ ባዶ የጠቋሚ መሠረት ጣሪያ ላይ አይቻለሁ። ጠቋሚው የት ሄደ ስል፣ ረከቦቱ ካለበት ቁም ሣጥን ይወጣል። ቡና ሲቆላ ይጮሃል፣ ዕጣን ሲጨስ ይጮሃል፣ የወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ይጮሃል። በበዓል ቀን እንግዳ ተቀምጦ ሲጮህ ያሳፍራል፤ ይገባኛል። ከፓኔል ጋር ከተገናኘ በኋላ ደግሞ ከጩኸት አልፎ መኪና ደጃፍ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰው ማገናኘቱን ይፈራዋል። መፍትሔው ቡናውን መተውም ጠቋሚውን መንቀልም አይደለም፤ ቦታና ዓይነት መምረጥ ነው። ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር አርቁት። ረከቦት ለሚዘረጋበት ሳሎን ቅርብ ለሆነው ስፍራ በብርሃን የሚሠራውን፣ ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለውን ምረጡ። አዮናይዜሽን የሚባለው ሌላው ዓይነት ነበልባል ላለው ፈጣን እሳት ቶሎ ይነቃል፣ ከምድጃና ከመጥበሻ የሚነሣው ረቂቅ ጭስም ቶሎ ያስጮኸዋል፤ ሶፋ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚጨስ እሳትን ግን ፎቶኤሌክትሪኩ ይቀድመዋል። ፎቶኤሌክትሪኩም ቢሆን ወፍራም የዕጣን ጭስ በቀጥታ ከደረሰው ይጮሃል፤ ማጨሻውን ከሥሩ አታድርጉት፣ መስኮትም ክፈቱ። ለኩሽናውና ለጋራዡ የሙቀት ጠቋሚ ከፓኔሉ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ብዙዎቹ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይነቃሉ፤ የቡና ጭስ አይነካቸውም። ነገር ግን የሙቀት ጠቋሚ የተኛን ሰው ለማስነሣት ይዘገያል፤ መኝታ ቤትና ኮሪደር የጭስ ጠቋሚውን አይለቁም። እያንዳንዱ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቶች ውጭ ባለው ኮሪደር፣ በየፎቁና ቤዝመንት ውስጥ አንድ አንድ መኖር አለበት።

ድምፁም መለየት አለበት። እሳት ሲሆን ሦስት ጊዜ ጮኾ ያርፋል፣ እንደገና ሦስት። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሲሆን አራት ነው። የሌባው ሳይረን ሳያቋርጥ ይጮሃል። ፓኔላችሁ ሦስቱን ለይቶ እንዲጮህ አስደርጉ፤ ሌባ ሲመጣ በር ይቆለፋል፣ እሳት ሲነሣ በር ይከፈታል፣ ግራ የተጋባ ሰው ሁለቱን ካምታታ ጊዜው አለቀ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተለመደው ጠቋሚ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ወደ 3,000 ኸርዝ ይጠጋል፤ በዕድሜ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣውም ያንን ቀጭኑን ድምፅ ነው። 520 ኸርዝ የሚባለው ወፍራም ድምፅ አዛውንትንና ሕፃናትን ይበልጥ እንደሚያነቃ ተፈትኖ ታውቋል። በእማማ መኝታ ቤት ከፓኔሉ የሚነሣ እንዲህ ያለ ደወል አስገጥሙ።

ፓኔሉ ጥሪውን በምን እንደሚያስተላልፍም እዩ። በ2022 የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የ3ጂ አገልግሎታቸውን ሲዘጉ በርካታ የቆዩ ፓኔሎች አፋቸው ተዘጋ። መብራታቸው ይበራል፣ ሳይረናቸው ይጮሃል፣ ወደ ማዕከል ግን የሚደርስ የለም። ፓኔሉ በቤት ስልክ የሚደውልለት ሆኖ መስመሩን ያቋረጠም ሰው እንደዚሁ ነው። 

ስለ ሌባ ካሰብነው ውስጥ እሳትን የሚያግዝም አለ። አገር ቤት መስኮታችን ፍርግርግ ብረት አለው፤ ልማዱን እዚህ ይዘን የመጣን አለን። ቤዝመንት የሚያከራይ ሰው መስኮቱን በብረት ይዘጋዋል። ብረቱ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ካልሆነ እዚያ ለሚተኛው ተከራይ መውጫ የለውም፤ የትኛውም ጠቋሚ አያድነውም። ከውስጥም በቁልፍ የሚቆለፍ በር እንደዚሁ ነው። በጨለማና በጭስ ቁልፍ አይፈለግም። በዚህ ላይ አልለሳለስም፤ እንዲህ ያለ መቆለፊያ ያለበትን ቤት ካየሁ ስለ አላርም ከማውራቴ በፊት ስለ መቆለፊያው ነው የማወራው።

በመጨረሻ መሞከሩ ነው። ማዕከሉ ጋ ደውላችሁ ስርዓቱን «ቴስት» ላይ እንዲያደርጉት ንገሯቸው፤ ይህን ካላደረጋችሁ መኪናው ይመጣል። ከዚያ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የመሞከሪያ ጭስ ጠቋሚው ላይ ንፉ። የጠቋሚውን የመሞከሪያ ቁልፍ መጫን ኤሌክትሪኩን ይፈትናል እንጂ ጭስ ወደ ውስጥ መግባቱን አያሳይም። ሳይረኑ ሲጮህ እያንዳንዱ መኝታ ቤት በሩ ተዘግቶ ይሰማ እንደሆነ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ያዳምጥ። ከዚያ መልሳችሁ ደውሉና «ምን ደረሳችሁ?» በሏቸው። «ፋየር» ካሉ፣ ከየትኛው ክፍል እንደሆነም ይንገሯችሁ። «በርግላሪ» ካሉ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፤ እሳታችሁን እንደ ሌባ ቆጥረው መጀመሪያ ለእናንተ ሊደውሉ፣ ከዚያም ፖሊስ ሊልኩ ነው፤ የገጠመላችሁን ሰው በዚያው ቀን ጥሩት። ሲጨርሱ ስርዓቱን ከ«ቴስት» ያውጡት፤ እስኪያወጡት ድረስ የእውነት እሳት ቢነሣም ማንንም አይልኩምና ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ማውጣታቸውን አረጋግጡ።